ከእትዬ ትበርህ ምስል ሥር የተጻፈው

«እትዬ ትበርህ ዐረፉ» ሲለኝ ስልኩን ከጆሮዬ ነጥዬ ቁጥሩን አየሁት። የደወለው የሰቆጣው ሰርከስ ቡድናችን አሠልጣኝ ነው፤ ድምፁም የራሱ ድምፅ ነው። ግን አላመንኩትም። «የትኛዋ ትበርህ?» አልኩት፤ ስንት ትበርህ አውቃለሁና እኔ! «ሲሳይ፣ አትቀልድ እንጂ» አለኝና አለቀሰ። ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማሲንቆዬን እንደታቀፍኩ አስፋልት ዳር ቁጭ አልኩ።

ደግሞ እኮ አልታመሙም! ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ከበሮ ሲመቱ ውለዋል። እሑድ አስቀድሰው ተመልሰዋል። ሰኞ ጧት «ራሴን ትንሽ ያዘኝ» ብለው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ጎረቤታቸው ውኃ ይዛላቸው ስትመለስ የሉም። እንዲህ ያለ ሞት አለ? እስካሁን ስናገረው ይዘገንነኛል።

ሰው ሲሞት ደግነቱ ይበዛል። እኔ ግን አሳምሬ ልቀብራቸው አልፈልግም። ቁጡ ነበሩ። ሲቆጡ አማርኛው ይጠፋባቸውና በኽምጣና ያወርዱብናል። የፃግብጂ ሰው ናቸው፤ በጦርነቱ ጊዜ ቤታቸውን ጥለው ሰቆጣ ገቡ፣ በዚያው ቀሩ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ መንገድ ሲሄዱ የሚደርስባቸው የሌለ ሴት ነበሩ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ይህን የምለው ላሳንሳቸው አይደለም፤ ኋላ ለመጣው ጉድ ሁሉ መነሻው እሱ ስለሆነ ነው።

ወደ ሰርከሱ የመጡት በጀሪካን ነው ብል ማን ያምነኛል? ያኔ ልጆቹ የሚለማመዱት በስፒከር በሚለቀቅ ሙዚቃ ነበር፤ እኔም አልፎ አልፎ በማሲንቆ አጅባቸዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ተደራርበው ሳለ መብራት ድርግም አለ። ሙዚቃው ጠፋ። ታች ያሉት ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ጫፍ ላይ የቆመችው አዜብ «እዋይ!» ብላ ጮኸች። እትዬ ትበርህ ለካ ውኃ ቀድተው ሲያልፉ ቆመው እያዩን ኖሯል። ጀሪካናቸውን መሬት አስቀመጡና በመዳፋቸው ይደልቁት ጀመር። «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ቀጥሉ እንጂ!» አሉ። ልጆቹ ድልቂያውን እየተከተሉ አንድ ባንድ ወረዱ፤ አንዳቸውም ምንም አልሆኑ። አሠልጣኙ በማግሥቱ ከበሮ ገዝቶ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሰርከሱ የሳቸው ሆነ። ሌላ ቦታ ሙዚቃው ትርኢቱን ያጅባል፤ እኛ ዘንድ ትርኢቱን የሚነዳው ሙዚቃው ነው። ለያንዳንዱ ልጅ የራሱን ምት አወጡለት። በምቱ ላይ ስንኝ ይጨምሩበታል፤ ስንኙም ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው። በኽምጣና ለሚያወራው በኽምጣና፣ በአማርኛ ለሚያወራው በአማርኛ፣ ከአበርገሌ በኩል ተፈናቅላ ለመጣችው ለአዜብ በትግርኛ። ትግርኛውን የአዜብ እናት ናት ያስተማረቻቸው። አጥርተው አይሉትም፤ ልጆቹ ይስቁባቸዋል፣ እሳቸውም ያስቃቸዋል። ልጁ የራሱ ምት ሲመጣ ይዘላል፣ ካልመጣ አይዘልም። እኔ ማሲንቆዬን ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላቸዋለሁ። የኔ ድርሻ ይኸው ብቻ ነበር፤ ይህን እዚህ ላይ አጥብቄ ልናገር።

ከመምታታቸው በፊት መዳፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ከዚያ የልጁን እግር ያያሉ። «ፊቱንማ ምን አደርገዋለሁ፣ የሚዘለው በእግሩ አይደለም ወይ?» ይሉናል። አዜብ መጀመሪያ ሦስተኛው ደርብ ላይ ስትወጣ «እትዬ፣ እወድቃለሁ!» አለቻቸው። «እኔ ሳልመታ ወዴት ትወድቂያለሽ?» ብለው ተቆጧት። ልጅቷ በፍርሃቷ ላይ ሳቋ መጣባት። እንዲያ ነበሩ እንግዲህ፤ ሲያባብሉም በቁጣ ነው።

አንዴ ጽጽቃ ድረስ ሄደን በገበያ ቀን ትርኢት አሳየን። ጦርነቱ ካበቃ ብዙም አልቆየም፤ የሰው ልብ ገና እንደ ቆሰለ ነው። አዜብ ጫፍ ላይ ቆማ የትግርኛው ስንኝ ሲጀመር ከሕዝቡ መሀል አንድ ጎልማሳ «አቁሙ ያን ቋንቋ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎችም አጉረመረሙ። እኔ በበኩሌ ማሲንቆዬን ወደ ኮቴ ውስጥ መክተት ነው የቃጣኝ። እትዬ ትበርህ ከበሮውን አቆሙ። «እሺ፣ አቆምኩ» አሉ። «ይቺ ልጅ ግን የምትወርደው በዚህ ስንኝ ነው፤ ሌላ መውረጃ የላትም። እንግዲህ አንተ ወንድሜ፣ ውጣና አውርዳት!» ሰውየው ወደ ላይ አየ፤ ሦስት ሰው ቁመት ነው። ከጎኑ ያለችው ሴት ፍርፍር ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ገበያው ሁሉ ሳቀ። ሰውየውም «በይ እሺ፣ ምቺው!» አለ እያፈረ። አዜብ በትግርኛዋ ተገልብጣ ወረደች።

እንዲህ ያሉትን ሴት የሚያንበረክክ ማን ነው ብትሉ አንዲት ልጃቸው ናት። ለምለም ትባላለች፤ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች። ስትሄድ ተኳርፈው ነው የተለያዩት። «በዚህ ዕድሜሽ አደባባይ ወጥተሽ ከበሮ ትደልቂያለሽ? ሰው ምን ይለኛል?» አለቻቸው። አንዴም መጥታ አላየቻቸውም። ስትደውል ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገበያው ትጠይቃለች፤ ስለ ሰርከሱ ትንፍሽ አትልም። እሳቸውም አያነሱባትም። ስልኩ ሲዘጋ ግን እንደ ያዙት ይቆያሉ።

ታዲያ ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች ይመጣሉ፣ ስለ እኛ ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ ነው ሲባል ከሁላችን በላይ የተደሰቱት እሳቸው ሆኑ። «ለምለም ታየዋለች?» አሉኝ።

«በኢንተርኔት ይለቀቃል እትዬ፣ ጅዳም ይደርሳል።»

«እንግዲያ ምን እንደምሠራ በዓይኗ ትየው። አይታ ታፍርብኝ እንደሆነም ትፈር።»

በቃ፣ የፈለጉት ይኸው ነው። አንዲት ልጅ እንድታያቸው።

ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እንግዶቹ የደረሱ ዕለት ከበሮውን ትተው መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። በአገራችን ደንብ እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ባለቤት ራሱ ታጥቆ ያስተናግዳል፤ ለሌላ ከተወው እንግዳውን ንቆታል ማለት ነው። ሰርከሱ ደግሞ ቤታቸው ነው። እጅ አስታጠቡ፣ ምግብ አቀረቡ፣ «በሞቴ ብሉ» እያሉ አጎረሱ። ካሜራው ዞር ባለ ቁጥር ወይ ሳህን ይዘዋል ወይ ማንቆርቆሪያ። ከበሮ ሲመቱም ከልጆቹ ጀርባ ተቀምጠው ስለሆነ ካሜራው የሚያነሳው ፊት ለፊት የሚገለባበጡትን ነው፤ ከጎን ደግሞ ማሲንቆዬን ይዤ የቆምኩትን እኔን።

ዳይሬክተሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፋት አላየሁበትም። እትዬ ትበርህ ካሜራ ፊት አማርኛው ስለጠፋባቸው ያስተረጎምኩለት እኔ ነኝ። «እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። እትዬ ትበርህ በኽምጣና፣ «ኧረ ምን እሠራለሁ ልጄ! ልጆቹን እያየሁ እቀመጣለሁ፣ ያገኘሁትን አበላቸዋለሁ» አሉት። የዋግ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይላል? «ይህን እኔ ሠራሁ» ብሎ በራስ አፍ መናገር ነውር ነው፤ ያንተን ሥራ አጠገብህ ያለው ሰው ነው የሚናገርልህ። አጠገባቸው ያለሁት እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ያሉትን ቃል በቃል ተርጉሜ ዝም አልኩ።

«ታዲያ ሙዚቃውን የሚሠራው ማን ነው?» አለ ዳይሬክተሩ። እትዬ ትበርህ አንገታቸውን ደፉ። የኔን አፍ እየጠበቁ እንደሆነ አላወቅኩም አልልም፤ አሳምሬ አውቄዋለሁ። ካሜራው ወደ እኔ ዞረ። ሞቀኝ። «አብረን ነው የምንሠራው» አልኩ።

ከወራት በኋላ ፊልሙ ለሕዝብ ሳይለቀቅ መጀመሪያ እኛ እንድናየው ሰቆጣ መጣ። ረፋዱ ላይ አዳራሹ በሰው ጢም አለ፤ ከፊት ወንበር ሹማምንቱ፣ ቀጥሎ የልጆቹ ወላጆች። ዳይሬክተሩ ተነስቶ ፊልሙ ስለ ብዝኃነትና ስለ ውክልና ነው፣ ድምፃቸው ያልተሰማ ሰዎች የሚሰሙበት ነው ብሎ አስተዋወቀ። አጨበጨብን። ፊልሙ ጀመረ። እትዬ ትበርህ ማንቆርቆሪያ ይዘው ብቅ ሲሉ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። በኽምጣና መናገር ሲጀምሩ ግን ድምፃቸው ተዋጠና የአንዲት የአዲስ አበባ ሴት ድምፅ በላዩ ላይ መጣ። ከምስላቸው ሥር ጽሑፍ ወጣ፤ «ትበርህ ኃይሉ፦ የቡድኑ ምግብ አብሳይ»።

በስመ አብ! እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ። ማንበብ የሚችለው ላልቻለው ሲነግር ይሰማኛል፤ ሹክሹክታው ከወንበር ወንበር ሄደ። እትዬ ትበርህ አጠገቤ ነበሩ። «ምን ይላል?» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገርኳቸው። ወዲያው ደግሞ የኔ ምስል ማሲንቆ እየመታ ወጣ፤ «ሲሳይ፦ የሙዚቃው ደራሲ» ይላል። «ያንተስ?» አሉኝ። እሱንም ነገርኳቸው።

«እህ» አሉ።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹ በአካል ትርኢት እንዲያሳዩ ተዘጋጅቶ ነበር። ተደራርበው ቆሙ፤ አዜብ ጫፉ ላይ ወጣች። እትዬ ትበርህ ከበሮውን አንስተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ደራሲው አንተ ነህ አሉ። በል ምታ» አሉኝና በጓሮ በር ወጡ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ምን ላድርግ? መታሁ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ምት ጠፋኝ! አንዱ ልጅ ያለ ጊዜው ዘለለ፣ ሌላው ተወላገደ፤ አዜብ ጭራሽ አልተነቃነቀችም። «ይሄ የኔ አይደለም!» ብላ ከላይ ጮኸች፣ ታች ያሉት በእጃቸው ደግፈው እያለቀሰች አወረዷት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን አንድ ልጅ ወድቆ ቢሰበር ዛሬ በሕይወት አልኖርም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጓሮው በር ተከፈተና እትዬ ትበርህ ብቅ አሉ። ትከሻቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገዋል፣ በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ማስታጠቢያ። ከፊተኛው ወንበር ጀምረው ሹማምንቱን አንድ ባንድ እጅ ያስታጥቡ ጀመር። «ታጠቡ፣ ታጠቡ በሞቴ። ሥራዬ ይህ ነው አሉ።» የታጠበው የሚያደርገው ጠፍቶት እጁን እንዳንጠለጠለ ቀረ። ዳይሬክተሩ ጋ ሲደርሱ ነገሩ በራለት። ፊቱ አመድ መሰለ። ከወንበሩ ወርዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ተነስ፣ ተነስ፣ አንተ ምን አደረግክ?» አሉት። ከዚያ በሕዝቡ ፊት ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄ ታየኛለች ብዬ ነበር እንጂ» አሉ። እትዬ ትበርህ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ ፊልሙ ገና ስላልተለቀቀ አስተካክለዋለሁ ብሎ ማለ። ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አንድ መስመር ይላክልኝ፣ እንዳለ አስገባዋለሁ አለ። «እርስዎ ይንገሩኝ» ቢላቸው እንደ ደንባቸው አንገታቸውን ደፉ። «ሲሳይ ያውቀዋል፣ እሱ ይጻፈው» አሉ። ጻፍኩ፣ ላክሁ። ምን ብዬ እንደጻፍኩ ኋላ እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ፊልሙ የተለቀቀ ዕለት ወደ ማታ ግድም አስጠሩኝ። ልጆቹ የሚለማመዱበት ግቢ ውስጥ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። «እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። ስልኬን ከፍቼ ጽሑፉ የወጣበት ቦታ ላይ አቆምኩት። «ሙዚቃና ግጥም፦ ትበርህ ኃይሉ» ብዬ አነበብኩላቸው። ስልኩን ተቀብለው ፊደሉን በጣታቸው ዳሰሱት። «ሌላ ምን ይላል?» አሉ።

«ይኸው ነው እትዬ፣ ሌላ አይልም።»

ስልኩን መለሱልኝ። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት! ረጅም፣ የሠርግ እልልታ። ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያም ለምለም ጋ ደውዪልኝ ብለው አዜብን ሲያዟት ትቻቸው ወጣሁ። ከወር በኋላ ፊልሙን ያዩ ሰዎች ለሥራ ጠርተውኝ ወልድያ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በየበዓሉ እደውልላቸዋለሁ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመርቁኛል።

ለምለም ለቀብሩ አልደረሰችም፤ የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጥቁር ለብሳ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ሰዉን አልፋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አዜብ በወዲያ ጎኗ ናት። እሷም አሁን ሙሉ ሴት ሆናለች፤ ከአሠልጣኙ ጋር ሆና ልጆቹን ታሠለጥናለች።

«ሲሳይ አንተ ነህ አይደል?» አለች ለምለም። «ላመስግንህ ፈልጌ ነው። ፊልሙን ጅዳ ሆኜ አይቼዋለሁ። ‹ሙዚቃና ግጥም ሲሳይ፣ ረዳት ትበርህ ኃይሉ› ይላል። ረዳት! ከበሮውን ይዛ እሷ ስትመራችሁ በዓይኔ እያየሁ ረዳት ብለው ጻፉባት። ያን ዕለት እማዬ ደውላ ‹ሲሳይ አነበበልኝ፣ የሙዚቃው ባለቤት ትበርህ ናት ይላል፣ አየሽው ወይ?› አለችኝ። የአዲስ አበባዎቹን ግፍ ደብቀህላት እንደሆነ ገባኝ። እኔም ‹አዎ እማዬ፣ አየሁት፣ ኮራሁብሽ› አልኳት። ልቧን ስላልሰበርክ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።»

«አሜን» አልኩ። አሜን! ከአፌ ወጣ እኮ! ምርቃቱን ተቀበልኩት።

ከዚያ ግን አላስቻለኝም። «ለምለም» አልኳት፣ «የአዲስ አበባዎቹ አይደሉም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አልገባትም። «ምኑን?»

«ረዳት የሚለውን። መጀመሪያ የሳቸውን ስም ብቻ ጻፍኩ። ቆየሁና የኔን ከሥር ጨመርኩ። ከዚያ የኔን ወደ ላይ አወጣሁት። ለሳቸው ሳነብ ደግሞ የኔን ዘለልኩት።» ያኔ እየሠራሁት ቀላል ነበር፤ ስናገረው ግን ሌላ ሰው ያደረገው መስሎ ራሴን አስደነገጠኝ።

ለምለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አዜብ ናት የተናገረችው፣ ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች።

«ጋሼ ሲሳይ፣ እሳቸው ያውቁ ነበር።»

«ምን?»

«ፊልሙ የወጣ ዕለት መጀመሪያ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እንዳለ ነው ያነበብኩላቸው፣ አንድም አልዘለልኩም። ተናድጄ ለዳይሬክተሩ ልደውል ስል ከለከሉኝ። ‹ቆይ፣ ሲሳይን ጥሪልኝ፤ እሱ እንዴት እንደሚያነበው ልስማው› አሉኝ።»

ለምለም ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «እንግዲያ እኔም ስዋሻት ታውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር። ያንቺን ሲሰሙ ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ‹ታፍርብኛለች ብዬ ነበር፣ ለኔ ብላ ዋሸች ልጄ› አሉ።»

እንደምንም፣ «የኔንስ ሲሰሙ?» አልኳት።

አዜብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ያንተንማ ሲሰሙ እልል ነው ያሉት። አብረህ ሰምተሃቸው የለ?»